ተቃውሞ አልቀረበም

ሰኞ 3
ይህን ደብተር የገዛሁት ሐኪሙ "የእናትሽን ሁኔታ በየቀኑ መዝግቢ" ስላለኝ ነው። ምን በላች፣ ስንት ሰዓት ተኛች፣ እጇን አንቀሳቀሰች ወይ። መመዝገብ እንደሆነ ስራዬ ነው።

እማዬ ከወደቀች ስድስተኛ ሳምንቷን ያዘች። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል፣ አንደበቷም ተይዟል። የቀራት ግራ እጇ ነው፤ በሱ ግድግዳውን ታንኳኳለች። አንድ ጊዜ ከሆነ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ አገላብጡኝ፣ ካላቋረጠች ደግሞ በቃ ኑልኝ ማለት ነው። ቀን ቀን ብቅ እያለች የምታያት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ዛሬ ደረጃው ላይ ጠብቃ "የኔ እህት፣ እኔም እኮ የራሴ ጣጣ አለኝ። ግድግዳውን ሳይሆን ጭንቅላቴን ነው የምታንኳኳው" አለችኝ። ስገባ የእማዬ ጣቶች ተልጠው ነበር። ከስንት ሰዓት ጀምራ ስታንኳኳ እንደዋለች እንጃ።

ቫዝሊን እየቀባኋት የተናደድኩት በራሷ በእማዬ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ረቡዕ 5
የምሳ ሰዓት። ጠረጴዛዬ ላይ ዘጠና አንድ ፋይል ተቆልሏል። ሁሉም ከሕጻናት፣ ከአረጋውያን ወይም ራሳቸውን መርዳት ከማይችሉ ሰዎች ጋር ለመስራት ያመለከቱ ናቸው። እኛ አጣርተን ወረቀት ካልሰጠናቸው የትም አይቀጠሩም። መታወቂያ፣ የጣት አሻራ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ ከዚያ ቀደም ሲል የሰሩላቸው ሁለት ምስክሮች። ወረቀቱን ማንም ያገላብጠዋል። ምስክሮቹን በስልክ የማናግረው እኔ ነኝ። በዚህ ክፍል አስራ አራት ዓመት የቆየሁት በጆሮዬ ነው ብል ጉራ አይሆንብኝም። የመጨረሻው ጥያቄያችን "የራስዎን ልጅ ወይም ወላጅ ከዚህ ሰው ጋር ለብቻ ትተው ይሄዳሉ?" የሚል ነው። ሁሉም "አዎ" ይላል። እኔ የማዳምጠው ከ"አዎ" በፊት ያለውን ትንፋሽ ነው።

ስልክ የማያነሳ ምስክር በሦስት የተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ ይደወልለታል። አሁንም ካላነሳ "ተቃውሞ አልቀረበም" ተብሎ ይጻፍና ፋይሉ ያልፋል። አለቃችን "ቅሬታ ያለው ሰው ስልክ ያነሳል" ይላሉ። ትልልቅ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ማንም አይከራከራቸውም።

ሐሙስ 6
ዛሬ አንዲት አመልካች ለቃለ መጠይቅ መጣች። አስታማሚ ናት፣ ዕድሜዋ ከኔ ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም። ለአረጋውያን ማረፊያ ነው ያመለከተችው። ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ቦርሳዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። "የሚጮህ፣ የሚረብሽ ታማሚ ቢገጥምሽ?" አልኳት። "እኔ ባለሁበት ሰው አይረበሽም" አለች፣ ሰዓት እንደምትነግረኝ ሁሉ።

ፖሊሱ ንጹህ። አሻራው ንጹህ። የመጀመሪያዋ ምስክር ባለሱቅ ናት፣ አሞግሳት አልጠገበችም። ሁለተኛዋ አታነሳም።

አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ። አምስት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ስድስት ሊሆን ሲል ደወልኩ።

ሦስት ነው። ቀኑ አንድ ከሆነስ? ቅጹ ላይ ሦስት ቀን ጻፍኩ። ከዚያ ፋይሏን አሳልፌ፣ ማረፊያው ሳይቀድመኝ ኮሪደር ላይ ተከትያት "እኔ ቤት ስራ አለ" አልኳት።

እኛ ያጣራነውን ሰው ለግላችን መውሰድ ክልክል ነው። አውቃለሁ። እማዬ ግን ግድግዳው ላይ ጣቷን ልትጨርስ ነው።

ሰኞ 10
ጀመረች። ተመስገን!! ስመለስ ቤቱ ያበራል። አንሶላው የተተኮሰ ይመስላል። እማዬ ታጥባ፣ ጸጉሯ ተጎንጉኖ። ጎረቤታችን በሩን ከፈት አድርጋ "ዛሬ ምን ሰጣችኋት? አንድም አላንኳኳች" አለች። አስታማሚዋ "የሚያስፈልጋቸው ነገር ሁሉ ቀድሞ ስለሚደርሳቸው ነው" ብላ መለሰችላት። አንጀቴ ራሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ 13
እማዬ፦ ሾርባ ግማሽ፣ ውሃ ጥቂት። ተኛች። አላንኳኳችም።
ፋይል ሃያ ሁለት አለፈ፣ ሦስት ተመለሰ።
የውሃ ኩባያዋ ከአልጋው አጠገብ ወደ መስኮቱ ተዛውሯል። "እንዳይፈስባቸው" ብላኛለች። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ እኔ አላሰብኩትም።

እሑድ 16
ወንድሜ መጣ። ድሮ በሩ ላይ ጀምራ በጺሙ የምትነታረከው እማዬ ቀና ብላም አላየችው። አልጋዋ ከግድግዳው ርቆ ክፍሉ መሀል ቆሟል። አስታማሚዋ ናት ያራቀችው፣ ጣታቸው እንዳይላጥ ብላ። ወንድሜ መሀል ላይ የቆመውን አልጋ ሲያይ "እናቴን ኤግዚቢሽን አደረጋችኋት እንዴ?" ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም። ቆይቶ ወደ ማድቤት ጠራኝና "ይሄ ቤት ምን ሆኗል? ጸጥታው ጆሮዬን አሳመመኝ" አለኝ። ተቆጣሁት። በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ብሎ አቃቂር ማውጣት ቀላል ነው፤ እሱ አላገላበጣት፣ እሱ አላጠባት።

እማዬ አዲስ ልማድ አምጥታለች። አስታማሚዋ ስትገባ ግራ እጇን አንስታ አፏ ላይ ታደርጋለች፣ እንደምታፍር ልጃገረድ። ደስ ትላለች።

ረቡዕ 19
የቢሮ ጓደኛዬን ሬዲዮ እንለዋለን፤ ካልተኛ በስተቀር አይዘጋም። ዛሬ ግን እሱም ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ስለ አንድ የሕጻናት ሞግዚት አንድ ሽማግሌ እያናገርኩ ነበር። ሁሉንም በጎ መለሱ። የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቃቸው ትንፋሻቸው አንዴ ብቻ ቆረጥ አለ። "አባቴ፣ ምን አዩ?" አልኳቸው። "ልጆቹ እሱ ሲገባ ጨዋታቸውን ያቆማሉ" አሉ። ፋይሉን መለስኩት።

ሬዲዮ አጨበጨበልኝ። "አንቺ እኮ በግድግዳ ውስጥ ነው የምትሰሚው!" አለ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማክሰኞ 25
ዝናብ። አርፍጄ ወጣሁ። ጃንጥላዬን ሳራግፍ አስታማሚዋ ከውስጥ "ድንቢጤ፣ እግርሽን አድርቂ" አለችኝ።

ቆሜ ቀረሁ። ድንቢጤ የሚለኝ ሰው የለም። ልጅ ሳለሁ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ስለምሄድ እማዬ ብቻ ነበረች የምትለኝ፣ እሱም ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ወንድሜ ያኔ አልተወለደም፤ ኋላም አልሰማውም። አስታማሚዋ ወዲያው "ይቅርታ እትዬ፣ አመለጠኝ" ብላ ወደ ስራዋ ተመለሰች።

እኔው ነግሬያት መሆን አለበት። ሲደክመኝ ብዙ እለፈልፋለሁ።

መቼ ነው የነገርኳት?

ዓርብ 28
ቢሮ መብራት ጠፍቶ በስምንት ሰዓት ለቀቁን። ደረጃውን ወጥቼ ቁልፉን ሳወጣ ከውስጥ ወሬ ሰማሁ። ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዷ ትመልሳለች። የምትመልሰዋ በድምጿ ከመውደቋ በፊት የነበረችውን እማዬን ትመስላለች፣ ቃል የምትጎትተውን፣ ዓረፍተ ነገሯን በ"እንግዲህ" የምትዘጋውን። ቁልፉን ከማዞሬ ጸጥ አለ።

እማዬ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እጇ አፏ ላይ ነው። አስታማሚዋ ካልሲ እያጠፈች "ጋዜጣ እያነበብኩላቸው ነበር" አለች። ጋዜጣ ፈለግሁ ማለት ቢያሳፍረኝም ፈልጌያለሁ። አላየሁም። "ቃል ከአፏ ወጣ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋት። "የለም እትዬ። አንዲት ቃል እንኳ። ቢወጣቸው መጀመሪያ ለእርስዎ አልነግርም?"

ጆሮዬ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ድምጽ ሲሞላበት የሚውል ጆሮ ምን አያሰማ።

ማክሰኞ 2
ወር ተለወጠ፣ ዝናቡ አልተለወጠም። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጣ። ጉሮሮዋን አየ፣ ምላሷን አስወጣት፣ "አ በይ" አላት። እማዬ አስታማሚዋን አየች። ሐኪሙ "እስካሁን ቢያንስ ድምጽ ማሰማት ነበረባት፤ ምንም የሚያግዳት ነገር አይታየኝም" አለ። ክብደቷ ቀንሷል። ውሃ በደንብ ትጠጣለች ወይ ሲል አስታማሚዋ መለሰችለት። ህመም አለ ወይ ሲል አስታማሚዋ መለሰችለት። እባክሽ ውጪ ጠብቂን ሲላት ወጣች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም፣ እጀታውን ይዛ ደፉ ላይ ቆመች።

ሲሄድ ደረጃው ላይ "አንቺና እናትሽ ብቻችሁን የምትሆኑት መቼ ነው?" አለኝ። "ሁልጊዜ ነዋ!" አልኩት፣ ተናድጄ። ከሄደ በኋላ ቆጠርኩ። የእረፍት ቀን ስሰጣት "የት እሄዳለሁ እትዬ" ትላለች። ገበያ እኔን ትልከኛለች። የምትተኛው ከእማዬ አልጋ ስር ነው። ከመጣች ሃያ ሁለት ቀኗ ነው። ከእናቴ ጋር ብቻዬን የሆንኩት ዜሮ ደቂቃ ነው።

ዓርብ 5
ዛሬ ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ ከፋይሉ ላይ የሁለተኛዋን ምስክር ቁጥር አውጥቼ በራሴ ስልክ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ።

ወጣት ሴት ናት። ከየት እንደምደውል ነገርኳት። "ያኔ እኮ አይቼዋለሁ፣" አለች። "በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ነው የደወላችሁት። ቁጥሩን እያየሁ ቁጭ ብዬ ነበር።"
"ለምን አላነሳሽውም?"
"ምን ልበልሽ? ምን አደረገች ብትይኝ ምን እላለሁ? አባቴን አልመታችውም። ሰውነቱ ንጹህ ነበር። ቤታችን እንደዚያ ንጹህ ሆኖ አያውቅም። አባቴ ጯሂ ሰው ነበር፣ አሟሟቱም በጩኸት ይሆናል ብለን ነበር። እሷ ገብታ በሳምንቱ ጸጥ አለ። እኛም አረፍን። አረፍን እኮ ነው የምልሽ!"
እያለቀሰች ነበር። ጠበቅኋት።
"ኋላ ጎረቤቶች ነገሩን፣ እኛ ስራ ስንወጣ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይሰሙት ነበር። ለሷ ይናገር ነበር። ለኛ ነው ያልተናገረው። ውሃውን ታርቅበት ነበር መሰለኝ። መሰለኝ ብቻ ነው፣ አላየሁም። ከሄደች በኋላ ሁለት ወር ቆይቶ ሞተ። እስኪሞት ድረስ በሩ በተከፈተ ቁጥር እጁን አንስቶ አፉን ይሸፍን ነበር።"

የመጨረሻውን ጥያቄ አልጠየቅኋትም።

ከዚህ ደብተር ላይ የአስራ ስድስት ቀኑን አነበብኩት። "ደስ ትላለች" ይላል። በኔው እጅ ጽሑፍ።

ዓርብ፣ ከሰዓት
ፈራሁ። አንዲት ቀጭን ሴት ናት፣ ምን ታደርገኛለች? ፈራሁ ግን። ለወንድሜ ደውዬ "ነገ በጠዋት ና፣ ለምን አትበለኝ" አልኩት። አላለኝም።

ቅዳሜ 6
ስናሰናብታት አልደነገጠችም። ሻንጣዋ ቀድሞ ተዘጋጅቶ በሩ ስር ቆሟል። ማን ነገራት? ስልኩን ያወራሁት ቢሮ ሆኜ ነው፣ ወንድሜንም መንገድ ላይ ነው የደወልኩለት።

አልጋው ጋ ሄዳ የእማዬን ብርድ ልብስ አስተካከለች። "ደህና ይሁኑ እማማ። ጨዋ ነበሩ" አለቻት። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ያዘላት። እኔ አጠገብ ስትደርስ ቆም አለች።

"አይቸገሩ እትዬ፣ ቦታ አግኝቻለሁ። የልጆች መዋያ ነው። መናገር የማይችሉ ልጆች ናቸው አሉ፣ ሃያ ሦስት። ወረቀቴን እርስዎ ስላሳለፉልኝ ነገሩ ቀላል ነው። የመጨረሻ አሰሪዬ እርስዎ ስለሆኑ ምስክር አድርጌ ጽፌዎታለሁ።"

ያን ሁሉ ስትል ፈገግ እንኳ አላለችም። ቁጣም አልነበራትም። ከሁሉ የከፋኝ እሱ ነው።

ሐሙስ 11
አልጋውን ወደ ግድግዳው መለስነው። ኩባያውን አጠገቧ አደረግሁት። አታንኳኳም። እኔ ስገባም እጇ ወደ አፏ ይሄዳል። እኔ ስገባ! "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሄዳለች" እላታለሁ። ከትከሻዬ በላይ በሩን ታያለች።

ውሃ ስሰጣት ከመጠጣቷ በፊት ፊቴን ትፈልጋለች።

ወንድሜ አብሮን እያደረ ነው። ጺሙን ተላጭቶ መጣ፣ ታየው ይሆናል ብሎ። አላየችውም።

ሰኞ 15
ቢሮ። ፋይሏ ለአዲሱ ቦታ እንደገና ሊጣራ ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። ዓርብ ደወለልኝ፣ አላነሳሁም። ዛሬም ከማዶ ጠረጴዛ ሆኖ እየሳቀ ደወለልኝ። ስልኬ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ።

ኮሪደር ላይ አገኘኝና ድምጹን ዝቅ አደረገ። ሬዲዮ ድምጹን ዝቅ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። "ስሚኝ እህቴ፣ ከዚህ ወስደሽ እንደቀጠርሻት ገብቶኛል። አለቃችን ከሰሙ አለቀልሽ። ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። ከነገ ወዲያ አንዴ ልደውልና አታንሺ። የሚጻፈውን እጽፋለሁ፣ ማንም አያይም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። አልኩት! አንደበቴ ቀድሞኝ ወጣ።

ማክሰኞ 16
አስራ አራት ዓመት። እማዬን የማስታምመው በዚህ ደሞዝ ነው። ከተባረርኩ በዚህ ዘርፍ ማን ያስጠጋኛል? ደግሞ ምን ማስረጃ አለኝ? ንጹህ አንሶላ? የተጎነጎነ ጸጉር? አንዲት የምታለቅስ ሴት "መሰለኝ" አለች፣ ያውም ከዚያ በፊት ስልክ ያላነሳች።

ሃያ ሦስት ልጆች። ማታ ወላጆቻቸው ሲጠይቋት "ጸጥ ብለዋል" ትላቸዋለች። እነሱም እንደኔ ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ።

ረቡዕ 17
ከቢሮ ቀርቻለሁ። ወንድሜ ስራ ሄዷል። እማዬን ሾርባ እያበላኋት አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ማንኪያውን አስቀመጥኩ። እንዲጮህ ተውኩት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እማዬ ስልኩን ታያለች። ከዚያ እኔን ታያለች። እጇ አፏ ላይ ነው።

አነሳሁት።

"አንቺ ሴትዮ፣ አታንሺ አላልኩሽም?" አለ ሬዲዮ።
"ጥያቄህን ጠይቀኝ።"
"ኧረ ተይ…"
"ከመጀመሪያው ጀምረህ ጠይቀኝ። እየጻፍክ።"

ጠየቀኝ። ስንት ጊዜ ሰራችልሽ፣ ሰዓት ታከብራለች ወይ፣ ንጽህናዋ እንዴት ነው። እውነቱን መለስኩ፤ ሁሉም መልካም ነው። ከዚያ የመጨረሻው ጋ ደረሰ። "የራስሽን ልጅ ወይም ወላጅ ከዚህች ሰው ጋር ለብቻ ትተሽ ትሄጃለሽ?"

"ትቼ ሄጃለሁ" አልኩት። "ሃያ ስድስት ቀን። እናቴ መናገር ችላ ነበር። እኔ እንዳልሰማ አድርጋ ዝም አሰኝታታለች። በውሃ ነው። በምን እንደሆነ ሁሉንም አላውቅም። ለአንድም ልጅ እንዳትሰጧት። ከስሩ ደግሞ ጻፍ፣ ሁለተኛዋ ምስክር ጋ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስት ቀን ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያው ቀጥዬ ቤቴ የወሰድኳትም እኔ ነኝ።"

"ይሄን ከጻፍኩ እኮ…"
"ጻፈው። ስትጨርስ ለአለቃችን ወስደህ ስጣቸው። እስክትነግረኝ ድረስ ስልኩን አልዘጋም።"

ብዕሩ ሲጭር ይሰማኛል። ከዚያ ወንበሩ፣ ኮሪደሩ፣ በር ማንኳኳቱ፣ የአለቃችን ድምጽ። "ፋይሉ ታግዷል" አለኝ መጨረሻ ላይ። "አንቺን ደግሞ ነገ በሦስት ሰዓት ይፈልጉሻል።" ዘጋሁ።

ዞር ስል የእማዬ እጅ ከአፏ ወርዶ ብርድ ልብሱ ላይ ነው።

"ልናገር?" አለች።

አልተንተባተበችም። ድምጿ አልሻከረም። በየቀኑ ሲሰራበት የከረመ ድምጽ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። "ተናገሪ እማዬ፣ ምን ጥያቄ አለው፣ ቤትሽ እኮ ነው፣ ተናገሪ!" አልኳት። በሩን አየች። መልሳ እኔን አየች።

"ልናገር?" አለች።

ወንድሜ ከስራ እስኪመለስ አስራ አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ። አስራ አንድ ጊዜም ተናገሪ አልኳት።